ፖሊስ ዕፅ ተሸካሚውን በምን ምልክት ይለየዋል?



ሰው በልቡ የሸሸገውን ነገር ፊቱና አካሄዱ ይገልጡበታል የሚለው እምነት እጅግ የቆየ ነው። ጥፋተኛ ሰው ዓይኑ አይረጋም፥ እጁ ይንቀጠቀጣል፥ ምላሱ ይደርቃል ይባላል። ዛሬ በዚህ ዐምድ የምናስረዳችሁ በዚሁ አሮጌ እምነት ላይ ስለ ቆመ አንድ የፖሊስ ሥራ ነው። ይኸውም በአይሮፕላን ማረፊያ፥ በጉምሩክ በርና በአውራ ጎዳና ላይ የሚቆመው ሕግ አስከባሪ፥ ከሚያልፉት ብዙ ሺህ መንገደኞች መካከል አደንዛዥ ዕፅ የተሸከመውን፥ ሻንጣውን ሳይከፍት ከሁኔታው ብቻ ለመለየት የሚሞክርበት ዘዴ ነው።

ነገሩ የፖሊስ ጉዳይ ብቻ ነው ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ለመንግሥት ሥራም ሆነ ለትምህርት፥ ወይም ዘመድ ለመጠየቅ ባሕር ተሻግሮ የሚሄድ ሰው ሁሉ በዚህ ዓይን ፊት ያልፋል። ዘዴው በትክክል ሲሠራ ብዙ ቤት ከሚያፈርስ መርዝ ሕዝብን ያድናል፤ ሲሳሳት ግን ንጹሑን ሰው በአደባባይ ያዋርዳል። ስለዚህ እንዴት እንደ ተጀመረ፥ በምን ላይ እንደሚመሠረት፥ ምን ያህል እንደሚታመንና ወሰኑም የት ላይ እንደ ሆነ ማወቅ ለእያንዳንዳችን ይጠቅማል። ዘዴው ተጽፎ፥ ተፈትኖና በፍርድ ቤት ብዙ ክርክር ተደርጎበት የሚገኘው በዩናይትድ ስቴትስ አሜሪካ ስለ ሆነ፥ አብዛኛውን ምሳሌ የምንወስደው ከዚያ ነው። የምንጠቅሳቸውም ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የነገሩ መነሻ

ኦክቶበር 31 ቀን 1963 ማርቲን ማክፋደን የተባለ መርማሪ ፖሊስ፥ ተራ ልብስ ለብሶ በኦሃዮ ግዛት በክሊቭላንድ ከተማ መካከል ይዘዋወር ነበር። ይህ ሰው በፖሊስነት 39 ዓመት ያገለገለና ከዚህም ውስጥ 30ውን ዓመት በዚያው ሠፈር ኪስ አውላቂዎችንና የሱቅ ሌቦችን ሲጠባበቅ የኖረ ነው። በዚያ ቀን ሁለት ሰዎች እየተፈራረቁ በአንድ ሱቅ መስኮት ፊት ሲመላለሱ፥ ወደ ውስጥ ሲመለከቱ፥ ተመልሰውም ሲነጋገሩ አየ። ሁለቱ በጠቅላላው ወደ ዐሥራ ሁለት ጊዜ ያህል ተመላለሱ። ቀጥሎም ሦስተኛ ሰው መጥቶ ተነጋግሯቸው ሄደ። ማክፋደንም ለዘረፋ እየተዘጋጁ ነው ብሎ በመጠርጠር ሦስቱን አንድ ላይ ባገኛቸው ጊዜ አስቆማቸው፤ ልብሳቸውንም ከላይ ቢዳስስ በሁለቱ ላይ ሽጉጥ ተገኘ።

ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ1968 የፍርድ ቤቱ ሊቀ መንበር ኧርል ዋረን የጻፉት ውሳኔ ለፖሊስ ሥራ ሁሉ መሠረት ሆነ። ፍሬ ነገሩም እንዲህ ነው፤ ፖሊስ አንድን ሰው ለጥቂት ጊዜ አስቁሞ ለመጠየቅ ሙሉ ማስረጃ በእጁ እንዲኖር አይጠበቅበትም፤ ነገር ግን የተጠራጠረበትን ምክንያት አንድ በአንድ ቆጥሮ ማስረዳት መቻል አለበት። «ልቤ ነገረኝ» ማለት ብቻ በቂ አይደለም። ከስምንቱ ዳኞች በሐሳብ የተለዩት አንድ ሰው፥ ዊልያም ዳግላስ፥ ይህ ለፖሊስ ከዳኛ የበለጠ ሥልጣን መስጠት ነው ሲሉ ተቃወሙ። እነሆ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ክርክሩ አላቋረጠም።

የምልክቶቹ ዝርዝር

በ1973 በአሜሪካ የአደንዛዥ ዕፅ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። በማግሥቱ ዓመት ፖል ማርኮኒ የተባለ የመሥሪያ ቤቱ ባልደረባ በዲትሮይት አይሮፕላን ማረፊያ ተመድቦ፥ ዕፅ ሲያጓጉዙ የተያዙትን ሰዎች ሁኔታ እያነጻጸረ የጋራ ምልክቶቻቸውን መሰብሰብ ጀመረ። ከዚህም ሥራ በፍርድ ቤት መዝገብ ላይ የሰፈሩ ሰባት ዋና ምልክቶች ወጡ። እነርሱም እነዚህ ናቸው።

አንደኛ፥ ዕፁ ከሚመነጭበት ከታወቀ ከተማ መምጣት ወይም ወደዚያ መሄድ። ሁለተኛ፥ ሻንጣ አለመያዝ ወይም ጥቂት ብቻ መያዝ፥ አለዚያም ብዙ ባዶ ሻንጣ ይዞ መሄድ። ሦስተኛ፥ ረጅም መንገድ ተጉዞ ወዲያው መመለስ። አራተኛ፥ በሐሰት ስም መጓዝ። አምስተኛ፥ ብዙ ሺህ ዶላር በኪስ ወይም በቦርሳ መያዝ። ስድስተኛ፥ የአይሮፕላኑን ቲኬት በተጠቀለለ ዝርዝር ገንዘብ መግዛት። ሰባተኛ፥ ከሌላው መንገደኛ ይበልጥ መደናገጥ። ከእነዚህም በታች እንደ ወረደ ወዲያው ስልክ መደወል፥ ከማረፊያው በታክሲ ብቻ መሄድ፥ ለአይሮፕላን ድርጅቱ የሐሰት ስልክ ቁጥር መስጠትና ወደ እነዚሁ ከተሞች አለ መጠን መመላለስ ተጨምረዋል።

ዝርዝሩ እንዲያው የተሰበሰበ አይደለም፤ እያንዳንዱ ምልክት ከንግዱ ጠባይ የወጣ ነው። ዕፅ በመንገድ የሚሸጠው በጥቂት በጥቂቱ ስለ ሆነ ገንዘቡም የሚሰበሰበው በዝርዝር ኖት ነው። በባንክ የተላለፈ ገንዘብ ዱካ ስለሚተው ነጋዴው በእጅ መክፈልን ይመርጣል። የዕቃው ባለቤት ንብረቱ በሰው እጅ እንዲቆይበት ስለማይፈልግ ተሸካሚው ሳያድር መመለስ ይኖርበታል፤ ለማይቆይ ሰው ደግሞ ብዙ ልብስ አያስፈልገውም። እንግዲህ ከሰባቱ ስድስቱ የጉዞውን አሠራር የሚመለከቱ ሲሆኑ፥ የሰውነትን ሁኔታ የሚመለከተው ሰባተኛው ብቻ መሆኑን ልብ በሉ። ወደዚህ ነገር ኋላ እንመለስበታለን።

ሦስት መንገደኞች በፍርድ ፊት

በማርች 1983 አንዲት ሴት ከኮሎምቢያ ዋና ከተማ ከቦጎታ ተነሥታ ሎስ አንጀለስ ደረሰች። የጉምሩክ ሠራተኞች ፓስፖርቷን ቢመለከቱ ወደ ማያሚና ወደ ሎስ አንጀለስ ስምንት ጊዜ በቅርቡ ተመላልሳለች። በእጇ 5,000 ዶላር አለ፤ እንግሊዝኛ አትናገርም፤ በአገሩ ዘመድም ወዳጅም የላትም፤ ያዘጋጀችው ሆቴልም የለም። ለባሏ ሱቅ ዕቃ ልገዛ መጣሁ ብትልም ከማንም ነጋዴ ጋር ቀጠሮ አልነበራትም። ከዚያም 16 ሰዓት ያህል ተይዛ ስትቆይ ምግብና መጠጥ አልቀበልም አለች። በመጨረሻ በዳኛ ትእዛዝ በሐኪም ብትመረመር፥ 88 ትንንሽ ፊኛዎች ውጣ 528 ግራም ኮኬይን በሆዷ ይዛ ተገኘች። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1985 የጉምሩኩን ሥራ አጸደቀ። ከፊኛዎቹ አንዱ በሆድ ውስጥ ቢፈነዳ ተሸካሚውን ሊገድለው እንደሚችል ስናስብ፥ እንዲህ ያለው ሰው መያዙ ለራሱም ነፍስ መዳኛ እንደሚሆን እንረዳለን።

በጁላይ 1984 ደግሞ አንድ ወጣት ከሆኖሉሉ ወደ ማያሚ ደርሶ ተመለሰ። ለሁለት ቲኬቶች 2,100 ዶላር የከፈለው ከተጠቀለለ የባለ 20 ዶላር ኖት እየቆጠረ ነው። ስሙ ከሰጠው ስልክ ባለቤት ስም ጋር አልተስማማም። ለመሄድና ለመመለስ 20 ሰዓት በሚፈጅ ጉዞ ማያሚ የቆየው 48 ሰዓት ብቻ ነው። ለአይሮፕላኑ ያስረከበው ሻንጣ የለም፤ ሁኔታውም የተደናገጠ ይመስል ነበር። በእጅ ቦርሳው ውስጥ 1,063 ግራም ኮኬይን ተገኘ። በ1989 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሰባት ድምፅ በሁለት ላይ ሲፈርድ፥ ከእነዚህ ነገሮች እያንዳንዱ ለብቻው ወንጀልን አያስረዳም፥ ንጹሕ መንገደኛም ሊያደርገው ይችላል፤ አንድ ላይ ሲደመሩ ግን ለመጠርጠር ይበቃሉ አለ።

ከተቃወሙት ሁለት ዳኞች አንዱ ተርጉድ ማርሻል ናቸው። እኚህ ዳኛ የቀድሞ መዝገቦችን አገላብጠው፥ ፖሊሶች በልዩ ልዩ ጊዜ ምልክት ነው ብለው የመሰከሩትን ነገር ጎን ለጎን አስቀመጡት። በአንዱ መዝገብ ከአይሮፕላኑ መጀመሪያ የወረደው ሲጠረጠር፥ በሌላው መጨረሻ የወረደው፥ በሦስተኛውም ከመካከል የወረደው ተጠርጥሯል። የመሄጃ ቲኬት ብቻ የገዛም፥ የደርሶ መልስ የገዛም ተይዟል። ብቻውን የተጓዘም፥ ከባልንጀራው ጋር የተጓዘም ተጠይቋል። አንዱ ስለ ተደናገጠ፥ ሌላው ደግሞ እጅግ ስለ ረጋ ጥርጣሬ ወድቆበታል። እንግዲህ ሁሉን ሰው የሚይዝ ወንፊት ምን ይለያል?

ፍርድ ቤቱም ራሱ ለዝርዝሩ ሁልጊዜ እንዳላጎበደደ ማወቅ ይገባል። ከዚያ በፊት በ1980 በአትላንታ የተያዘ አንድ ሰው ጉዳይ ቀርቦለት ነበር። በሰውየው ላይ የቀረበው ምክንያት ከፎርት ሎደርዴል በማለዳ መድረሱ፥ ከትከሻ ቦርሳ በቀር ሌላ ሻንጣ አለመያዙና ከኋላው የሚመጣውን ሌላ ሰው አንዳንድ ጊዜ ዞር እያለ ማየቱ ነው። ፍርድ ቤቱ ይህን ሲመረምር፥ እንዲህ ያለው መግለጫ እጅግ ብዙ ንጹሓን መንገደኞችን የሚያጠቃልል ስለ ሆነ ለመያዝ አይበቃም ብሎ ወሰነ።

ፍርሃት ምን ይመሰክራል?

አሁን ወደ ሰባተኛው ምልክት፥ ወደ መደናገጥ እንመለስ። ሰው ሲፈራ በደሙ ውስጥ አድሬናሊን የተባለ ቅመም ይሠራጫል፤ ልቡ ይመታል፥ መዳፉ ያልበዋል፥ አፉ ይደርቃል። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ሰውነት ፍርሃትን እንጂ የፍርሃትን ምክንያት አይናገርም። አይሮፕላን መጀመሪያ የተሳፈረ፥ ቪዛው እንዳይሰረዝበት የሚሠጋ፥ የታመመ ዘመዱን በሕይወት ለማግኘት የሚቸኩል፥ የሰዎቹን ቋንቋ የማያውቅ፥ ሁሉም ያልባቸዋል። በአንጻሩ ሥራውን የለመደ ተሸካሚ ጋዜጣውን እያነበበ ያልፋል። ሻንጣው ውስጥ ዕፅ መኖሩን ከቶ የማያውቅ የተታለለ ሰው ደግሞ የሚፈራበት ምክንያት ስለሌለው ምንም ምልክት አይታይበትም።

ሊቃውንትም ነገሩን መርምረውታል። ቻርልስ ቦንድና ቤላ ደፖሎ በ2006 ባወጡት ጽሑፍ ቀድሞ የተደረጉትን ጥናቶች አንድ ላይ አስተያይተው፥ 24,483 ሰዎች እውነተኛውን ከሐሰተኛው ለመለየት ያደረጉትን ሙከራ መዘኑ። በትክክል የተለየው ከመቶ 54 ሆነ። ሳንቲም ወደ ላይ ወርውሮ በዘውድና በጎፈር የሚፈርድ ሰው ከመቶ 50 ያገኛል፤ ልዩነቱ ምን ያህል ጠባብ እንደ ሆነ ፍረዱ። በ2013 ደግሞ የአሜሪካ ምክር ቤት የሒሳብ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት፥ በአይሮፕላን ማረፊያዎች መንገደኞችን በሁኔታቸው እያዩ አደገኛውን ሰው ይለያሉ ተብለው ስለ ተመደቡ ሠራተኞች መረመረ። ለዚህ ሥራ ከ2007 ጀምሮ ወደ 900 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶ ሳለ፥ ምልክቶቹ መሥራታቸውን የሚያረጋግጥ በቂ ማስረጃ አልተገኘምና ወጪው እንዲገደብ መክሯል።

ከዚህም ሌላ የሒሳብ ችግር አለ። ለምሳሌ ያህል በአንድ ማረፊያ 10,000 መንገደኞች አለፉ እንበል፤ ከእነርሱም 10ሩ ዕፅ ተሸካሚዎች ይሁኑ። ጠባቂው እጅግ የሠለጠነ ሆኖ ከ10ሩ 8ቱን ይለያል፤ ከንጹሓኑም የሚሳሳተው ከዐሥር በአንዱ ብቻ ነው ብለን እንቍጠር። ከ9,990 ንጹሓን 999ኙ ይጠረጠራሉ ማለት ነው። ስለዚህ ከተያዙት 1,007 ሰዎች መካከል ጥፋተኞቹ 8 ብቻ ይሆናሉ። ጠባቂው አልሰነፈም፤ ነገር ግን የሚፈለገው ሰው ጥቂት በሆነበት ስፍራ ትንሽ ስሕተትም ብዙ ንጹሕ ሰው ታስይዛለች።

ጥቂት መፈተሽ፥ ብዙ ማግኘት

ምልክቱ ደካማ ሲሆን፥ የጠባቂው የቀድሞ አስተሳሰብ ቦታውን ይወስዳል። ይኸው የሒሳብ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2000 ባወጣው መግለጫ እንዳመለከተው፥ በ1998 የበጀት ዓመት በጉምሩክ ተዳስሰው ከተፈተሹት አሜሪካውያን ሴቶች መካከል ጥቁሮቹ ከነጮቹ ይልቅ ለራጅ ምርመራ የመላካቸው ነገር ዘጠኝ እጥፍ ነበር። የተከለከለ ዕቃ ይዘው የመገኘታቸው ነገር ግን ከነጮቹ ግማሽ እንኳ አልደረሰም። የቆዳ ቀለም እንደ ምልክት ሲቈጠር ፍርድን ከማጉደሉም በላይ ሥራውን ራሱን ያበላሻል።

በዚያው ዘመን የጉምሩኩ ኮሚሽነር የነበሩት ሬይመንድ ኬሊ ማሻሻያ አደረጉ። 43 የነበሩት የጥርጣሬ ምልክቶች ወደ 6 ተቀነሱ። ከባድ ፍተሻ ያለ አለቃ ፈቃድ እንዳይደረግ ታዘዘ። ሠራተኛው ይበልጥ እንዲያተኩር የተነገረው በተጨባጭ ነገር ላይ ነው፤ ወረቀቱ ከቃሉ ይስማማልን? የሠለጠነ ውሻ አመልክቷልን? ስለዚህ ሰው አስቀድሞ የደረሰ ወሬ አለን? ውጤቱም ይህ ሆነ፤ የተፈተሸው ሰው ቍጥር በሦስት አራተኛ ያህል ሲቀንስ፥ ከተፈተሹት መካከል ዕፅ የሚገኝበት ሰው መጠን ብዙ እጥፍ አደገ።

በ2014 የወጣ ሌላ ጥናትም ወደዚሁ ያመራል። ቶማስ ኦርመሮድና ኮራል ዳንዶ የተባሉ የሥነ ልቡና ሊቃውንት፥ የሐሰት ታሪክ አጥንተው የመጡ አስመሳይ መንገደኞችን በአውሮፓ አይሮፕላን ማረፊያዎች ላኩ። ፊትንና እንቅስቃሴን የሚመለከቱት ጠባቂዎች ከመቶ 3ቱን ብቻ ሲለዩ፥ በለዘበ ጭውውት ስለ ሥራውና ስለ መኖሪያው ያልተጠበቀ ጥያቄ እያቀረቡ መልሱን የሚያመዛዝኑት ግን ከመቶ 66ቱን ለዩ። «ከአያያዝ ይቀደዳል፥ ከአነጋገር ይፈረዳል» ያሉት አባቶቻችን ከፊት ይፈረዳል እንዳላሉ ልብ ይሏል።

ምልክትና ማስረጃ

ቀድሞ በአገራችን ሌባ ሻይ የሚባል ልማድ ነበረ። ለአንድ ልጅ የሚያሰክር መድኃኒት ይሰጠውና እየተንገዳገደ ይሄዳል፤ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤትም ሌባ ተብሎ ዕዳ ይከፍላል። ይህ አሠራር በሕግ ከቀረ ዘመን አልፎታል። ክፋቱም የተመረጠው ሰው የሚከራከርበት ምክንያት አለመኖሩ ነው፤ ልጁ ለምን እዚያ ወደቀ ተብሎ አይጠየቅም። በምልክት የሚሠራ ፖሊስም «ለምን ይህን ሰው መረጥህ?» ሲባል የሚቈጠር ምክንያት ካላቀረበ፥ ከሌባ ሻዩ የሚለየው የደንብ ልብሱ ብቻ ነው። ምልክት ለጥያቄ ይጋብዛል፤ ጥያቄ ወደ ማስረጃ ይመራል፤ የሚፈረደው በማስረጃ ነው።

የአገራችንም ሕግ ይህን ሚዛን ይዟል። በ1995 የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 ማንኛውም ሰው ሰውነቱ፥ ቤቱና ንብረቱ እንዲሁ እንዳይመረመርበት መብት ይሰጠዋል፤ መብቱ ሊገደብ የሚችለውም አስገዳጅ ሁኔታ ሲኖርና በሕግ ሲወሰን ነው። በሌላ በኩል ከ2005 ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 525 ያለ ፈቃድ አደንዛዥ ዕፅ ማዘዋወርን በጽኑ ይቀጣል።

ለመንገደኛ የሚሆን ምክር

ክቡራን አንባቢዎች፥ ከዚህ ሁሉ ለራሳችን የምንወስደው አለ። እኛ ያደግነው በታላቅና በሹም ፊት ዓይናችንን ዝቅ ማድረግ ጨዋነት ነው እየተባልን ነው። በባዕድ አገር ግን ያው ጨዋነት እንደ ጥፋተኛ ሊያስቈጥር ይችላል። ስለዚህ የጉምሩክ ሠራተኛ ሲጠይቃችሁ ፊቱን እያያችሁ አጭርና እውነተኛ መልስ ስጡ። የምታርፉበትን አድራሻ፥ የመመለሻ ቲኬታችሁንና የመጋበዣውን ደብዳቤ በእጃችሁ አቅርቡ፤ የወረቀትና የቃል መስማማት ከማንኛውም የፊት መረጋጋት ይበልጣልና።

ሁለተኛ፥ በአገራችን በግልጽ የሚሸጥ ነገር በሌላው አገር ወንጀል ሊሆን እንደሚችል አትርሱ። ጫት በእኛ ዘንድ የገበያ ምርት ነው፤ በውስጡ የሚገኘው ካቲኖን ግን ከ1993 ጀምሮ በአሜሪካ እጅግ ከተከለከሉት መድኃኒቶች ተራ ገብቷል። ብሪታንያም ጫትን በጁን 2014 ከልክላለች፤ በሳውዲ ዐረቢያም የተከለከለ ነው።

ሦስተኛውና ዋናው ነገር አደራ ነው። ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ሰው መኖሩ ከተሰማ፥ በርበሬውን፥ ሽሮውንና የታሸገውን ጥቅል ይዞ ለልጄ አድርስልኝ የሚል አይጠፋም። መተዛዘናችን መልካም ነው። ነገር ግን ነጋዴዎቹ ምን እንደ ያዘ የማያውቀውን ሰውም ተሸካሚ ያደርጉታል፤ እርሱ አይፈራምና አይለይም። ዕቃው በተገኘ ጊዜ ግን በሻንጣው ላይ የተጻፈው የእርሱ ስም ነው፤ «የሰው አደራ ነው» ማለትም ከእስርና ከምርመራ አያድነውም። እንግዲህ የዘመድም ቢሆን የወዳጅ፥ የምትቀበሉትን ጥቅል በሰጪው ፊት ፈታችሁ እዩ። ለማሳየት የማይፈቅድ ሰው ቢኖር ዕቃውን ከነአደራው መልሱለት። በዚህ የሚቀየም ወዳጅ ቢገኝ ቅሬታው በጊዜ ብዛት ይበርዳል፤ በሰው አገር ወህኒ የሚያልፍ ዕድሜ ግን አይመለስም።